የሦስት ሌሊት ፈረስ

አጎቴ ወደ ፈረሱ የቀረቡት ጀርባቸውን ሰጥተው ነው።

የታኅሣሥ ሌሊት ገና አልነጋም፤ ሣሩ ላይ ውርጭ እንደ ጨው ተነስንሷል። የፈረሱ ባለቤት ጋቢውን እንደተከናነበ ወጥቶ “ምነው፣ በደኅና ነው በዚህ ሰዓት?” ሲል አጎቴ ደኅንነታቸውን ነገሩት እንጂ ለምን ማልደው እንደመጡ አልተናገሩም። እኔ ግን ከእንጅባራ ወጥተን በእግር ስንመጣ ነግረውኛልና አውቀዋለሁ። በቀጠሮ የሚታይ ፈረስ ተሰናድቶ ይጠብቃል። ጠዋት ትንሽ ከነዱት ሰውነቱ ይሞቅና የደረቀ እግሩ ይፍታታል፤ ጎህ ሲቀድ ያነከሰው ረፋድ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ደግሞም በውርጭ የፈረስ እግር ከጉልበቱ በታች እንደ ድንጋይ ስለሚቀዘቅዝ፣ የታመመ ቦታ ካለ እሱ ብቻ ለብ ብሎ ይገኛል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይህን በእጅ መለየት ያስቸግራል።

ወደ ጋጣው በራፍ ሄዱና ጀርባቸውን ለፈረሱ፣ ፊታቸውን ለእኛ ሰጥተው ስለ ድርቆሽ ዋጋ ማውራት ያዙ። ፈረሱ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ቦራ። መጀመሪያ ጆሮውን ቀሰረ። ቀጥሎ አንገቱን አስረዘመ። ከዚያ አንድ እርምጃ ተራምዶ የአጎቴን ጋቢ ከትከሻቸው ላይ አሸተተ፤ ትንፋሹ በብርዱ ውስጥ እንደ ጢስ ይታያል። አጎቴ ወሬያቸውን አላቋረጡም። ቀኝ እጃቸውን ብቻ ዘና አድርገው ወደ ኋላ ዘረጉ፣ መዳፋቸውን ከፈቱ፣ ፈረሱ አፍንጫውን አሳረፈበት። የዞሩት ከዚያ በኋላ ነው። “እሱ መጥቶ አይቶናል፤ አሁን እኛ እንየው” አሉ።

ሸማኔ ሲሠራ ሸማው ይቀራል፤ አንጥረኛ ሲሠራ መስቀሉ ይቀራል። ፈረስ የሚፈትን ሰው ግን ሙያው ሲያልቅ የሚያሳየው ዕቃ የለውም። ፈረሱ እንደሆነ ድሮም ፈረስ ነበር። ስለዚህ ይህን ሙያ የሚያደንቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ እጁን ማየት አለበት። እኔ ሦስት ሌሊትና አራት ቀን ቆሜ አይቻለሁ፤ ያየሁትን ሳልጽፈው ቢቀር የሚቆጨኝ ይመስለኛል።

ፈረስ ስገዛ ይህ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ገበያ፣ ከማላውቀው ደላላ፣ በግማሽ ቀን አይቼ አንድ ጉራቻ ገዝቼ ነበር። መልኩ ዓይን ይስባል፤ ገበያው መሀል እንደ ንጉሥ ፈረስ ቆሞ ነበር። በሦስተኛው ቀን የፊት ግራ እግሩን መርገጥ አቃተው። ደላላውን ብፈልገው አላገኘሁትም። ጉራቻው ዳግም ለግልቢያ አልበቃም፤ እኔንም እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ ሳይሆን፣ ያን ያህል ሕመም ይዞ ቆሞ ሳለ እኔ ጋማውን እያየሁ መደሰቴ ነው። አጎቴ ያን ጊዜ አልተቆጡኝም። “ፈረስ በገበያ አይገዛም፤ በገበያ የሚገዛው መልኩ ነው” ብለው ብቻ አለፉ። ዘንድሮ እንደገና ልግዛ ስል ግን “እኔ ሳላድርበት አይሆንም” አሉ።

ማደር ያሉት የምራቸውን ነበር። ከዚያ በፊት ግን በባለቤቱ ግቢ የሚያዩትን አዩ።

የጀመሩት ከጀርባው ነው። መዳፋቸውን ከጫንቃው አንሥተው እስከ ወገቡ ድረስ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ቀስ አድርገው ወሰዱት፤ ዱቄት ላይ እንደሚሄድ እጅ፣ ሳይጫን፣ ሳይነሣም። ከግራ ትከሻው አጥንት ኋላ ሲደርሱ ቆሙ። እዚያ ዳማው ፀጉር መሀል የሃምሳ ሳንቲም ያህል ስፋት ያለው ነጭ ፀጉር በቅሏል። አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው አሹት፣ ጣታቸውንም ወደ ብርሃን አውጥተው አዩት፤ የተቀባ ነገር የለም። ገጣባ ከዳነ በኋላ የሚበቅለው ፀጉር ብዙ ጊዜ ነጭ ነው፤ ጠባሳውን ለመሸፈን በጥላሸት የሚያጠቁር ሻጭ እንዳለ ኋላ ነገሩኝ። ባለቤቱ ሳይጠየቅ “ኮርቻ የበላው ነው፤ አምና ድኗል” አለ። አጎቴ ቀና ብለው ዐይኑን አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእኔ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ያ ሰው የሚታመን ሰው ሆነ፤ ለአጎቴ ግን ነጩ ፀጉር ገና ያልተመለሰ ጥያቄ ነበር። እኔ ወዲያው ረሳሁት፤ እሳቸው እስከ ሁለተኛው ቀን ማታ ይዘውት ቆዩ።

ከጀርባው ወደ እግሩ ወረዱ። የፊት ሁለቱን እግሮች በአንድ ጊዜ፣ አንዱን በቀኝ ሌላውን በግራ እጅ ይዘው፣ በእጃቸው ጀርባ ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዳሰሱ። የእጅ ጀርባ ከመዳፍ ይልቅ ሙቀት ይለያል፤ መዳፍ በሥራ ደድሯል። ሁለቱን ባንድ ላይ መያዝም ምክንያት አለው፦ አንድ እግር ለብቻው ቢዳሰስ ቀዝቃዛ ይሁን ትኩስ በምን ይታወቃል? ከመንታው ጋር ሲመዘን ግን ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። ከእግሩ ጀርባ የሚወርደውን ጅማት እንደ ክራር ክር በሁለት ጣታቸው ለይተው ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። በእግሩና በአንገቱ ቆዳ ላይም እንደ መቁጠሪያ የተሰካካ እብጠት እንዳለ ፈለጉ፤ በከተሞቻችን የጋሪ ፈረሶችን የሚያሠቃየው፣ በቁስል በኩል የሚገባ የፈንገስ በሽታ እንዲያ ተሰልፎ ነው የሚወጣው። አልነበረም።

ኮቴውን አንሥተው ጉድጓዱን በእንጨት ጠርገው አሸተቱት። አዎ፣ አሸተቱት። በእርጥብ ጋጣ የቆመ ፈረስ ኮቴው ከሥር ይበሰብሳል፤ ከዓይን በፊት የሚደርስበት አፍንጫ ነው። የአገራችን ፈረስ አብዛኛው ያለ ብረት ጫማ ስለሚሄድ ኮቴው ብቻውን ነው ኮረቱን የሚችለው። ከ2300 ዓመት በፊት ስለ ፈረስ የጻፈው ግሪካዊው ዜኖፎን፣ ገዢ እንዳይታለል ሲመክር የጀመረው ከኮቴ ነው፤ መሠረቱ ያልጸና ቤት ከላይ ቢያምር ምን ይጠቅማል ባይ ነበር። አጎቴ ዜኖፎን የሚባል ሰው መኖሩን አያውቁም። ያም ሰው ቢመጣ ከዚያ ጋጣ በራፍ ቁጭ ብለው የሚግባቡ ይመስለኛል።

ባለቤቱ ዕድሜው ሰባት ዓመት ነው ብሏል። አጎቴ አውራ ጣታቸውን በአፉ ጎን፣ ጥርስ በሌለበት ቦታ አስገቡ። ልጓም የሚያርፈው እዚያው ባዶ ድድ ላይ ነው። ፈረሱ አፉን ሲከፍት መጀመሪያ ያዩት ጥርሱን ሳይሆን ይህን ድድና የከንፈሩን ማዕዘን ነበር። ጠባሳ የለም፣ የደደረ ሥጋም የለም። “የጋለበው ሰው እጅ ቀላል ነው” አሉ፣ ለባለቤቱ እንዲሰማ አድርገው። ከዚያ ወደ ጥርሱ መጡ። ፈረስ የወተት ጥርሱን የሚለውጠው በጥንድ በጥንድ ነው፦ መሀለኞቹን በሁለት ዓመት ተኩል፣ ቀጣዮቹን በሦስት ተኩል፣ የዳሮቹን በአራት ተኩል ገደማ። አምስት ዓመት ሲሞላው አፉ ሙሉ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ዕድሜው የሚታወቀው በጥርሱ አናት ላይ ባለው ጎድጓዳ ነው። የታችኞቹ መሀለኞች በስድስት፣ አጠገባቸው ያሉት በሰባት፣ የዳሮቹ በስምንት ዓመት ገደማ ይለዝባሉ። አጎቴ በጥፍራቸው የዳሩን ጥርስ ነካ አደረጉት፤ ትንሽ ጎድጓዳ ቀርቶታል። “ሰባት ሞልቶ ወደ ስምንት ነው፤ አልዋሸህም” አሉት። ባለቤቱ ፈገግ አለ።

ቀጥሎ ኮረቱ ላይ በሶምሶማ እንዲያስኬዱት ጠየቁ። አንድ ልጅ አፍሳሩን ይዞ ሲሮጥ እኔ ዐይኔን በፈረሱ ራስ ላይ ተከልሁ፤ የፊት እግሩን ያመመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ከፍ፣ ደኅናው ሲነካ ዝቅ እንደሚያደርግ ከጉራቻው በኋላ ተምሬያለሁ። አጎቴን ዞር ብዬ ባያቸው ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ድምፁን ነበር የሚሰሙት። ኮቴው እኩል ነው የሚመታው፤ አንዱ ከሌላው አይከብድም፣ አይዘገይም። ሁለት ጊዜ ሄዶ ሲመለስ ዐይናቸውን ከፈቱና “ይበቃል” አሉ።

ለሌላ ሰው ይህ በቂ ነበር። እሳቸው ግን ያን ጊዜ ነው “ሦስት ሌሊት ስጠን” ያሉት።

የሰው ፈረስ ሦስት ሌሊት መውሰድ ቀላል ነገር አይደለም። ባለቤቱ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ የራሱን ቃል አስቀመጠ፦ ቢሞት ዋጋው፣ ቢታመም ማስታመሙ በእኛ ላይ ነው፤ ለሌላ ጋላቢ አይሰጥም፤ ሌሊት አይጋለብም። ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን የመጨረሻው ነው። ቤት ገብቶ ግማሽ ጆንያ ገብስ አውጥቶ ሰጠን። “የለመደው ይህንኑ ነው። ድንገት ሌላ ብታበሉት ሆዱን ይቆርጠዋል።” ልክ ነው፤ ፈረስ የበላውን ማስመለስ አይችልም፤ የሆድ ቁርጠት የገደለው ፈረስ ብዙ ነው። ገና ያልሸጠውን ፈረስ በሰው ቤት እንዳይታመም ስንቅ የሚቋጥር ሰው ምን ዓይነት ባለቤት እንደነበረ ሌላ ምስክር አልፈለግሁም። አጎቴ ዋስ ሆኑ፣ ቀብድ ሰጠሁ፣ ኮርቻውንም አብሮ ሰጠን። አጎቴ ኮርቻውን አጥብቀው ነበር የጠየቁት። “በለመደው እንየው፤ አዲስ ኮርቻና አዲስ ሰው ባንድ ቀን አይጫንበትም” አሉ።

እንዲህ መጠንቀቃቸው ለእኔ ነፍስ ብቻ አልነበረም። ይህ ፈረስ የተፈለገው ለጥር 23 ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ በየዓመቱ በዚያ ቀን እንጅባራ ላይ ሲሰበሰብ፣ የአድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን እያሰበ ነው። ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራ የነበረበት አገር ነው ይህ፦ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። በዚያ ሜዳ ፈረስ ከፈረስ ትከሻ ለትከሻ ይቆማል፤ ሽምጥ አለ፣ ጉግስ አለ፣ ሕፃናት በእግር ሥር ይሯሯጣሉ። የሚራገጥ ወይም የሚደነብር ፈረስ ይዞ እዚያ መግባት በሰው ልጅ ላይ መፍረድ ነው። አባቴ በዚያ ሜዳ ብዙ ዓመት ወጥተዋል፤ እኔ ደግሞ እሳቸው ካረፉ ወዲህ የመጀመሪያዬ ሊሆን ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት አጎቴ ምንም አልሠሩም፤ ለሚያይ ሰው ማለቴ ነው። ከጋጣው ግድግዳ ማዶ መደብ ላይ ተኝተው አዳመጡ። እኔም አጠገባቸው ጋደም ብዬ መስማት ተማርኩ። ጤነኛ ፈረስ ድርቆሽ ሲያላምጥ ድምፁ እንደ ወፍጮ እኩል ነው። መሀል ላይ ካቆመ፣ ጥርሱ ወይ ሆዱ ነው። እንጨት እየነከሰ አየር የሚውጥ ፈረስ አለ፤ እያገሳ የሚያድር። ሌሊቱን ሙሉ ካንድ እግር ወደ ሌላው እየተወዛወዘ የሚያነጋም አለ። ይህ በቀን አይታይም፤ ገበያም አይወጣም። እኩለ ሌሊት ላይ ማላመጡ ቆመና ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲያርፍ ሰማን። ደነገጥሁ። አጎቴ በጨለማው ውስጥ “ተኛ” አሉ፤ እኔን ይሁን ፈረሱን አልገባኝም ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት ደስ ብሏቸው ነው። ፈረስ ቆሞም ያንቀላፋል፤ ጎኑን አሳርፎ የሚተኛው ግን ቦታውን ሲያምን ነው። በማያውቀው ጋጣ በመጀመሪያው ሌሊት መተኛቱ የልቡን ርጋታ ያሳያል። ሲነጋ ፋንድያውን በእንጨት ሰንጥቀው ፍሬ ገብስ እንዳለበት አዩ። ጥሬው እንዳለ ከወጣ መንጋጋው አላደቀቀውም ማለት ነው። ልሞ ነበር የወጣው።

በሁለተኛው ቀን በአፍሳር ይዘነው ከተማ ገባን። እንጅባራ የአዲስ አበባና የባሕር ዳር መንገድ መሀሏን ሰንጥቆ የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ ለዚህ ፈተና የተመቸች ነች። ከሰል እስከ አናቱ የጫነ መኪና ሲያልፍ አስቆምነው። ባጃጅ ከኋላው ጥሩንባ ነፋችበት። የተሰጣ ልብስ ነፋስ ሲያርገበግበው በሥሩ አሳለፍነው። ጆሮው ሄደ፣ አንድ ጊዜ ቆዳው ተርገፈገፈ፣ ግን አልሸሸም። አጎቴ የሚፈልጉት የማይደነግጥ ፈረስ አልነበረም። “የማይደነግጥ ወይ ታሟል ወይ ሰልችቷል” አሉኝ። የሚያዩት ከደነገጠ በኋላ ወደ ማን እንደሚያይ ነበር። ዳማው ሲደነግጥ ወደ ያዘው ሰው ዞሮ ያያል። በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ እንደሚባለው፣ ደንባራ ከሆነ የፌስታው ሆታና ከበሮ ነው የሚጨመርበት፤ ስለዚህ ይህን ማወቅ ከጥርሱ ይበልጣል።

ከሰዓት በኋላ ተጫነ። አጎቴ መጀመሪያ ባዶ ኮርቻ ጭነው አስዞሩት፤ ከዚያ ወጣሁበት። ዳገቱን በሶምሶማ፣ አናቱ ላይ ትንሽ በግልቢያ፣ ከዚያ ቁም። አጎቴ ከፈረሱ አፍንጫ ፊት ቆመው በለሆሳስ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። ጸሎት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ሰዓታቸውም እሱ ነው። ስንት ጊዜ ተደግሞ የአፍንጫው መርገብገብ እንደሚቆም ይቆጥራሉ። እኔ በስልኬ ያዝሁ። ጠዋት አርፎ ሳለ ከመንጋጋው ሥር የልቡ ምት በደቂቃ 36 ነበር፤ ያረፈ ፈረስ ከ28 እስከ 44 ባለው ውስጥ ነው። ከዳገቱ በኋላ በሩብ ሰዓት ወደ 52 ወረደ። አጎቴ ቁጥሬን ሲሰሙ “ጥሩ ነው፤ እኔም እንዲሁ አግኝቼዋለሁ” አሉ።

ቁልቁለቱን ስንመለስ ነገሩ ተበላሸ። ወደ ግራ ልጠመዝዘው ዛቡን ስስብ ፈረሱ ራሱን ወደ ላይ ወረወረ። እንደገና ሞከርሁ፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፈና ቆመ። ወደ ቀኝ እንደ ውሃ ይታጠፋል፤ ወደ ግራ ግን እምቢ። ሦስተኛ ጊዜ ሲያደርገው ልቤ ተሰበረ። እምቢተኛ ነው፣ ገመናውን ደብቆን ነው አልሁ። እንመልሰው ብዬ ልወርድ ስል አጎቴ “ውረድ፤ ኮርቻውን ግን እንዳትነካ” አሉኝ።

የሆዱን ጠፍር ራሳቸው ፈቱት። ኮርቻውን ጎትተው አላወረዱትም፤ በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ቀጥ አድርገው አነሡት፤ ከሥሩ ያለው ምልክት እንዳይበላሽ። ድብዳቡንም እንዲሁ። ጀርባው ላይ ላቡ የኮርቻውን ቅርጽ ይዞ ታየ፦ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ሁለት ረዣዥም እርጥብ ገበታዎች፣ መሀላቸው ደረቅ መስመር። መስመሩ ደረቅ መሆን አለበት፤ ኮርቻ አከርካሪ አይነካም። ግን ግራው ገበታ ፊት ለፊት፣ ከትከሻው አጥንት ኋላ፣ የልጅ መዳፍ የሚያህል ደረቅ ቦታ አለ። ዙሪያው በላብ ረጥቦ እሱ ብቻ ደርቋል። መሀሉ ላይ ያቺ ነጭ ፀጉር።

“ደረቅ ቦታ ሁለት ነገር ይሆናል” አሉ፣ ሳይቸኩሉ። “ወይ ኮርቻው አልነካውም፣ ወይ እጅግ ተጭኖት ላብ እንኳ መውጫ አጥቷል።” ጎንበስ ብለው ፀጉሩን ከጎን አዩት። ያልተነካ ቢሆን ፀጉሩ እንዳለ ይሆን ነበር፤ ይህ ግን ተጨፍልቆ፣ ጫፉ ተጠቅልሎ ተኝቷል። በሁለት ጣታቸው ጫን ሲሉት ፈረሱ ጀርባውን ዝቅ አድርጎ ሸሸ። ሌላው ቦታ ሲጫኑት ንቅንቅ አላለም። ወደ ግራ ሲታጠፍ ትከሻው ወደ ኋላ ሄዶ ከዚያ ቦታ ጋር ይጋጫል። እምቢ ያለው ሕመሙ ነበር። እኔ ደግሞ እምቢተኛ ብዬው ነበር።

ማታ ባለቤቱን አስጠሩት። መጣ፣ ቡና ተፈላ፣ ኮርቻው መሀላችን ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ኮርቻ አሁን ብዙም አይሠራም። ሁለት ሳንቃዎች ከፊትና ከኋላ ቀጥ ብለው በቆሙ ቅስቶች ተያይዘው፣ አንድም ሚስማር ሳይገባባቸው በእርጥብ ጠፍር ተሰፍተዋል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን እንደ አንድ አካል ይዞታል። ከላይ የተለበጠው ቆዳ በስፌቱ ላይ ሁለት እጥፍ ሆኖ፣ እጥፉ የፈረሰኛው ጭን በማይነካው በኩል ተደብቋል። “የአባቴ ነው” አለ ባለቤቱ። አጎቴ ኮርቻውን ገልብጠው አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው ከኋላ ወደ ፊት በሳንቃዎቹ ላይ አነጣጠሩ፤ እኔንም አነጣጥር አሉኝ። ግራው ሳንቃ ፊት ለፊት ጫፉ ላይ የጣት ውፍረት ያህል ወደ ውስጥ ጠሟል። በአንድ ጎኑ እርጥብ ግድግዳ ተደግፎ የከረመ ሳይሆን አይቀርም። ባለቤቱም ሲያነጣጥር ቆየና ቀስ ብሎ አስቀመጠው። “ያኔ የበላው ይኸው ነዋ” አለ። ድምፁ ላይ ጸጸት ነበር።

እኔ ሳንቃውን በካራ ፋቅ ቢያደርጉት ምን ቸገረ ብዬ ጠየቅሁ። አጎቴ ተገርመው አዩኝ። “እንጨቱ የሰው ነው። በሰው ዕቃ ላይ የማይመለስ ነገር አይሠራም።” ድብዳቡን ወሰዱ። በካራው ጫፍ የጎኑን ስፌት ስንዝር ያህል ተረተሩ፤ ክሩን አልቆረጡም፣ ከየቀዳዳው ጎትተው አወጡት፣ በምራቃቸው አርሰውም ጉልበታቸው ላይ ጠቀለሉት። ውስጡ የታጨቀው የበግ ፀጉር ሳንቃው በሚጫንበት ቦታ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። በጣታቸው እየበተኑ አወጡት። ያንን ቦታ በአዲስ ፀጉር መልሰው የሚሞሉት መስሎኝ ነበር። ባዶ አደረጉት። የሞሉት ዙሪያውን ነው፤ ከኋላው፣ ከላዩ፣ ከጎኑ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በየጊዜው በመዳፋቸው እየተጫኑና ከቀኙ ጋር እያስተያዩ። የጠመመው ሳንቃ አሁን የሚያርፈው በዙሪያው ባለው ላይ ነው፤ የታመመው ቦታ ላይ ጉድጓድ አለለት። ከዚያ በወስፌ፣ በዚያው በድሮው ክር፣ በየድሮው ቀዳዳ መልሰው ሰፉት። ሲጨርሱ አዲስ ቀዳዳ አንድ እንኳ አልነበረም። ባለቤቱ ድብዳቡን ተቀብሎ ስፌቱ የት እንደተተረተረ ወደ ኩራዙ አስጠግቶ ፈለገ፤ ከቀኙ ጎን ለይቶ ማወቅ አቅቶት መለሰላቸው።

ሦስተኛውን ቀን አልጋለብንም። እኔ ቸኩዬ ነበር፤ አጎቴ ግን የታመመ ሥጋ ባንድ ሌሊት አይረሳም አሉ። ፈረሱ ሜዳ ላይ ሲግጥ ዋለ። ማታ ጣታቸውን ቢጫኑበት ጆሮውን አዞረ እንጂ አልሸሸም።

በማግሥቱ ማለዳ ባለቤቱም መጣና አራታችን ወደዚያው ዳገት ወጣን፤ ፈረሱን ጨምሬ ነው የቆጠርሁት። ሶምሶማ፣ ግልቢያ፣ ቁልቁለት። ወደ ግራ ዛቡን ነካ ሳደርግ የሚሆነውን እየፈራሁ ትንፋሼን ይዤ ነበር። አንገቱን ሰበር አድርጎ ታጠፈ። እንደገና ታጠፈ። ሜዳውን ሁለት ጊዜ በግራ ዞርሁት፣ ሦስተኛው ላይ ዛቡን ለቅቄ በጉልበቴ ብቻ ዞረልኝ። ባለቤቱ ጋቢውን ከራሱ ላይ አውርዶ ቆሞ ያያል። ፊቱ ላይ ደስታም ነበር፣ ሌላም ነገር ነበር፤ ይህን ፈረስ ሰባት ዓመት ይዞ እንዲህ ሲታጠፍ አይቶት የማያውቅ ሰው ፊት።

ስወርድ አጎቴ ጠፍሩን ፈቱ። ኮርቻውን ወደ ላይ ቀጥ አድርገው አነሡና ለባለቤቱ አስያዙት፣ ድብዳቡን ለእኔ ሰጡኝ። ከፈረሱ ጀርባ እንፋሎት ይነሣል። ጎንበስ ብለው ግራውን አዩ፣ ዞረው ቀኙን አዩ፣ ተመልሰው ግራውን አዩ። የእጃቸውን ጀርባ በነጩ ፀጉር ላይ አሳረፉና ለባለቤቱ ዘረጉለት። እርጥብ ነው።

“በሉ፣” አሉ እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ “አሁን ዋጋውን ተነጋገሩ።”